አርባ ቀን የታሰረ መንጋጋ

«አይዞሽ፣ አትፍሪ። አፍሽን ክፈቺ» አልኋት።

«ከፍቻለሁ» አለች።

ሐኪም የፈራች መስሎኝ መብራቱን ዝቅ አድርጌ እንደገና ለመንኋት። ከንፈሯ ተላቀቀ፤ ጥርሶቿ ግን እንደተነካኩ ቀሩ። ትንሿን ጣቴን በመካከላቸው ለማስገባት ሞከርሁ። አልገባችም።

እየሩስ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከጃናሞራ ደባርቅ ድረስ ያመጣት የመንጋጋ ጥርሷ ሕመም ነበር፤ አፏ ካልተከፈተ ግን ማንም ሊነቅልላት አይችልም። አገጯ ወደ ኋላ ሸሽቶ ወደ ቀኝ አዘንብሏል። እንጀራ የምትበላው አድቅቃ፣ በወለቀ ጥርሷ ክፍተት በጣቷ እየገፋች ነው።

አብረዋት የመጡት አባቷ አቶ ውዱ የታወቁ ወጌሻ ናቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ባምስት ዓመቷ ከበቅሎ ወድቃ አገጯ ተሰበረ። እኔው አሰርሁላት። በነጠላ ቅዳጅ ካናቷ እስካገጯ ጥፍር አድርጌ፣ አርባ ቀን። ወተቱንም አጓቱንም በመቃ ትስብ ነበር እንጂ አልፈታሁላትም። አጥንት መቼም ካልተነቃነቀ ነው የሚገጥም።»

ራጅ አስነሥቻት ፊልሙን መስኮቱ ላይ ስለጥፈው አባቷ ከእኔ ቀድመው አዩት።

«ይኸው!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ስብራቱ የታለ? አንድ ሆኗል። እንዲህ ያለ ግጥም አይቼ አላውቅም።»

እኔም ከመጽሐፍ ውጭ አይቼ አላውቅም ነበር። መንጋጋና ራስ ቅል ከጆሮ ፊት ለፊት በሚገናኙበት ቦታ ቀጭን ጥቁር ክፍተት መታየት ነበረበት። በግራ በኩል አለ። በቀኝ በኩል ሁለቱ አጥንቶች አብረው በቅለው አንድ ነጭ ጉብታ ሆነዋል።

«አባቴ፣ እዚህ ላይ መግጠም አልነበረበትም» አልኋቸው። «የተሰበረው ማጠፊያው ነው። ማጠፊያ ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል።»

ራጁን ትተው እጃቸውን ማየት ጀመሩ። ሳይታሰርም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ እንዲህ እንደሚሆን ነገርኋቸው፤ እውነትም ነው። የሰሙኝ አይመስለኝም።

ጎንደር ተልካ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። የተጣበቀውን አጥንት ቆርጠው፣ ተመልሶ እንዳይገናኝ ከጆሮዋ በላይ ካለው ሥጋ ወስደው በመካከሉ አስገቡ። አፏ ሦስት ጣት ያህል ተከፈተ፤ ጥርሷም ተነቀለ። ግን አጥንቱ መልሶ መግጠም ይፈልጋል። ለስድስት ወር በየቀኑ ስስ እንጨቶችን በጥርሶቿ መካከል እየደራረበ አፏን በግድ የሚከፍትላት ሰው ያስፈልጋታል። ያማል። ካልተደረገ ደግሞ ይዘጋል። እንጨቶቹን ለአቶ ውዱ ሰጠኋቸው። ከእርሳቸው የተሻለ እጅ ያለው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብሁም።

በወሩ ሲመጡ ዳባት የምትኖረው ታላቅ እህታቸው የሺወርቅ አብራ ነበረች። የእየሩስን አፍ ለካሁ። ከሁለት ጣት አያልፍም።

«ስንት እንጨት ላይ ደረሳችሁ?» አልሁ።

አቶ ውዱ ኪሳቸውን ዳበሱ።

«ንገራታ!» አለች የሺወርቅ። «ልጅቱ እህ ስትል ጥሎ ይወጣል። አንተ፣ ያገሩን ሁሉ ክንድ ስትስብ እሪታው አይሰማህም ነበር?»

«ያ የሰው ልጅ ነው» አሉ።

«እንግዲያ ይቺንም የሰው አድርጋት!»

«እጄ እንቢ አለኝ፣ እታለም። ፊቷን ስነካው ያ ነጠላ ይታየኛል።»

እየሩስ ወለሉን እያየች «እኔ ነኝ ተው ያልሁት» አለች። ቃሏ አሁን ጥርት ብሎ ይወጣል። አባቷ ግን ቀና ብለው አላዩዋትም።

ሌላ አንድ ወር እንዲህ ካለፈ መልሶ እንደሚገጥም፣ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ደግሞ ከፊተኛው እንደሚከብድ ነገርኋቸው። አቶ ውዱ እንጨቶቹን ከኪሳቸው አወጡና ለእህታቸው ሰጡ።

በዚያው ቀን እየሩስ ከአክስቷ ጋር ዳባት ወረደች። አቶ ውዱ ብቻቸውን ወደ ጃናሞራ ተመለሱ።