የገላኔ ደብተር

ፀሐይነሽ ብሎጓን የከፈተችው ለሰው ጽሑፍ ላስተምር ብላ ነበር። ስሙን «የብዕር ጓሮ» አለችው። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ታሪክ እንዴት እንደሚጀመር፣ ከዓረፍተ ነገር ውስጥ የትኛው ቃል ትርፍ እንደሆነ ትጽፍ ነበር። አንባቢዎቿ ሁለት መቶ አይሞሉም፤ ለእሷ ግን አገር ሙሉ ሰው ነበሩ። ከዚያ ቦሌ ላይ ፎቅ እንደ እንጉዳይ ፈላ። ኦሎምፒያ ያለ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ቀጠራት፤ እሷም ብዕሯን ለአፓርታማ ሰጠች። ከአያት ሰፈር ወዲያ፣ ትናንት ጤፍ ይታጨድበት የነበረ ሜዳ ላይ በቆመው ትልቅ ሰሌዳ «ኑሮዎን ከፍ ያድርጉ» የሚለው ጽሑፍ የእሷ ነው። ከአሥር ቀን በላይ አሰላስላበታለች፤ ትንሽ አያሳፍርም?

ብሎጉ እንዲህ ሆኖ አሥራ አራት ወር ተረሳ። የባቡሩ ሥራ መገናኛን በቆፋፈረበት ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቢሮ እንደገባች ድንገት ሆድ ባሳት። ሌላ ሰሌዳ ልትጽፍ ተቀምጣ እጇ እምቢ አላት። ብሎጉን ከፈተችና እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ጠፍቼ ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ተመልሻለሁ። ስለ ምን ልጻፍላችሁ? እስቲ ጠቁሙኝ።» ለራሷም ማለች። አንድ ሰው እንኳ ከመለሰላት ትቀጥላለች፤ ካልሆነ ግን ዘግታው አርፋ ሰሌዳዋን ትጽፋለች።

ማክሰኞ ማንም አልመለሰም። ረቡዕም፣ ሐሙስም። ዓርብ ሻይ ሳይቀር እየተወች ገጹን ደጋግማ አየችው። የአስተያየቱ ቁጥር ዜሮ ነው። ሰው ምን ያድርግ፣ ማን የጠፋን ሰው ደጅ ላይ ቆሞ አሥራ አራት ወር ይጠብቃል? ቅዳሜና እሑድ ስልኳን አልነካችም። ከፋት፤ ግን አልገረማትም።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የቢሮው ግራፊክስ ሠሪ ቢሩክ ሳንድዊቹን ይዞ ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ፀሐይ፣ ኮሜንቴ አልተመቸሽም እንዴ?»

«የቱ ኮሜንት?»

«ማክሰኞ የጻፍኩልሽ ነዋ! ስለ ቢሮ ሐሜት ጻፊ ብዬሽ። ገጹ ‹ባለቤቱ እስኪያጸድቀው ይጠብቁ› አለኝ፤ ይኸው ስጠብቅ ሳምንት ሊሆነኝ ነው።»

ያኔ ትዝ አላት። ብሎጉን ከመተዋ በፊት አንድ ተሳዳቢ በየጽሑፏ ሥር እየመጣ እናቷን ሲሰድብባት፣ እሷ ሳታጸድቅ ምንም አስተያየት እንዳይወጣ አድርጋ ነበር። በአንድ ባለጌ ምክንያት በሩን በሁሉም ላይ ቆልፋ ቁልፉን ረስታዋለች።

ማጽደቂያውን ስትከፍት ስልሳ አንድ አስተያየት ተደርድሮ ቆይቷታል። ግማሹ የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ ነው። አሥራ ዘጠኙ ግን ከአንድ ሰው የመጡ ናቸው፤ ገላኔ ከምትባል ልጅ።

«እትዬ ፀሐይነሽ፣» ይላል የመጀመሪያው፣ «እርስዎ ባስተማሩን መሠረት ከአያት ሰፈር ወዲያ የነበረውን የአባቴን ማሳ ታሪክ ደብተር ላይ ጽፌአለሁ። መገናኛ ኢንተርኔት ቤት ሆኜ እየገለበጥኩ በጥቂት በጥቂቱ እልክልዎታለሁ። ያርሙኝ።» ከሥሩ ታሪኩ ይጀምራል። «መሬቱን ሊለኩ የመጡ ዕለት አባቴ ለለኪዎቹ እርጎ አቀረበላቸው። እንግዶች ናቸዋ። ጠጥተው መረቁትና ሜትሩን ዘረጉ።»

ፀሐይነሽ እዚህ ላይ ቆመች። መጀመሪያ ቀናች፤ ይህን የመሰለ ነገር በዕድሜዋ ጽፋ አታውቅም። ቀጥሎ አፈረች። የትኛው ሜዳ እንደሆነ ገብቷታል።

ወረድ እያለች አነበበች። «የትኛው ቃል ነው ትርፍ?» ይላል አንዱ። «ካልወደዱት ይንገሩኝ፣ አልቀየምም» ይላል ሌላው። አሥራ ስምንተኛው፦ «ይህ ግማሹ ነው። የአባቴ መጨረሻ ደብተሩ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ እርስዎ ቀጥዪ ሲሉኝ እገለብጠዋለሁ።» ከዚያ ስምንት ወር ዝም ብላለች። የመጨረሻው የተጻፈው ባለፈው ማክሰኞ ነው።

«እትዬ፣ እንኳን ተመለሱ! ጠቁሙኝ ስላሉ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዓርብ ዐረብ አገር ልሄድ ነው፣ ለቤት ሠራተኝነት። ደብተሬን ይዤው ልሂድ ወይስ ልተወው? እስከ ሐሙስ እየመጣሁ አያለሁ። ዝም ካሉኝም ይገባኛል፤ ትልቅ ሰው እምቢ ማለት ሲከብደው ዝም ነው የሚለው። ምናልባት ቢደውሉ ብዬ የእናቴን ስልክ ጽፌልዎታለሁ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ፀሐይነሽ አሥራ ዘጠኙንም አጸደቀች። ቢሩክን እዚያው ትታው ኮሪደር ላይ ወጥታ ደወለች።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አሉ አንዲት እናት። አማርኛቸው የኦሮምኛ ዜማ አለው።

«ፀሐይነሽ እባላለሁ፣ እናቴ። ገላኔን ፈልጌ ነበር።»

«ገላኔማ ሄደች፤ ዓርብ ሸኘናት። አንቺ ነሽ የጽሑፍ መምህሯ? ሐሙስ ከመገናኛ ስትመለስ ‹አልሆነም፣ እማዬ› አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም።»

«ደብተሯስ? እባክዎ፣ ደብተሯ የት ነው?»

«አልፈልገውም አለቻ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ልጄ፤ ወረቀቱን ቀድጄ ለመንገዷ ቆሎ ጠቀለልኩላት።»

«ሁሉንም?»

«ቆሎው ብዙ ነበር፤ እስክትለምድ እንዳይርባት ብዬ ነው። አሁን በልታ ጨርሳዋለች። ወረቀቱንም ጥላዋለች፤ ምን ያደርግላታል?»