እንዲተነፍስ ብላ

የሰፈሩ ሰው «እትዬ ምናልባት» ይላታል። አፏን ስትከፍት ቀድማ የምትወጣው ቃል ያቺው ናት። ሰማዩ ጠርቶ ሲውል «ምናልባት በረዶ ሊጥል ይሆናል» ትላለች። ልጅ ሲስቅ ካየች «ምናልባት ሊያለቅስ ነው» ትላለች። «የፈሩት ይደርሳል» ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለእሷ የቀን መቁጠሪያ ነው።

ባለፈው ዓመት ግን የሳቀባት አልነበረም። ሰው ሁሉ ለዘር ብሎ በየቤቱ ያስቀመጠው በቆሎ ነቀዘ። ዝናቡ ደርሶ እጅ ወደ ጆንያ ሲሰደድ፣ የተዘገነው የተቦረቦረ ፍሬና ዱቄት ሆነ። ከሩቅ ዘር እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ሄደ፤ ዝናብ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ዘግይቶ የተዘራው ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ ያሳለፉትም ሰዎች አያውቁትም።

ዘንድሮ መላ ይዛ የመጣችው የእትዬ ምናልባት ልጅ ናት። አንድ ልጇ ናት፤ በስምንት ወሯ ሳንባዋን ታማ ከሞት አፋፍ የተመለሰች፣ ዛሬ የግብርና ባለሙያ የሆነች። የገበሬውን ማኅበር ሰብስባ፣ ቶሎ የሚደርሰውን አዲሱን በቆሎ ለዘር እንዴት እንደሚያቆዩት አሳየቻቸው። ማስቀመጫው ሁለት ወፍራም ላስቲክ ነው፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባል፤ ከውጭ ደግሞ ተራ ጆንያ ይለብሳል። እሷ ስሙን ረዘም አድርጋ ጠራችው፤ ሰው አሳጥሮ «ድርቡ» አለው።

«መድኃኒት አይጨመርበትም» አለች። «እህሉ በደንብ ደርቆ ይገባል። አየሩ ተጨምቆ ይወጣል። አንገቱ ተጠምዝዞ፣ ታጥፎ፣ አንድ በአንድ ይታሰራል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለችውን አየር ይጨርስና ታፍኖ ይሞታል። ግን እስከ ዝናቡ ድረስ ማንም እንዳይከፍተው!»

ከኋላ የቆመው ባለወፍጮ ሳቀ። ወፍጮ ቤቱ ከማኅበሩ መጋዘን ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ በሩ ላይ ሳይቆም የሚውል የአካባቢው ሰው የለም።

«ነቀዙ ታፍኖ ሲሞት፣ ዘሩን ጉንፋን እንኳ አይዘውም?» አለ። ሰው አውካካ።

«ዘሩ ተኝቷል፣ ጋሼ። የተኛ ዘር ብዙ አይተነፍስም።»

«ይሁን። እኔም አንድ ጆንያ አስገባለሁ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ከነቀዘ ግን እንዳለ አውጥቼ ወፍጮ ቤቴ በር ላይ እሰቅለዋለሁ። ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ አይቶ ይፍረድ!»

የእናትየው ልብ ስንጥቅ አለ። ወፍጮ ቤት በር ላይ የተሰቀለ ነገር ከአዋጅ ይብሳል። ያ ጆንያ አንዴ ከተሰቀለ ልጇን ከእንግዲህ የሚሰማት አይኖርም፤ ሰውም ወደ ድሮው ጆንያና ወደ ድሮው ነቀዝ ይመለሳል። ከዚያ ደግሞ እንደ አምናው ያለ ዓመት ይመጣል። ይህን ሁሉ ቆማ ባለችበት አሰበችው።

በቆሎው ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ልጅቷ መድረቁን የምታረጋግጠው በጠርሙስ ነው፤ ጥቂት ፍሬና ደረቅ ጨው ከትታ ትንጠዋለች፤ ጨው ከጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ርጥብ ነው። እናትየው ደግሞ ፍሬውን በመንጋጋዋ ቀጭ ታደርገዋለች። በሰባተኛው ቀን ጠርሙሱም ጥርሱም «ደርቋል» አሉ፤ እናትና ልጅ ተያይተው ሳቁ። ሃያ አንድ ጆንያ ሞልቶ ታሰረ። የመጋዘኑ ጣሪያ ይጠገን ስለነበር ለጊዜው ከእትዬ ምናልባት ጓሮ ክፍል ገባ። ቁልፉም እሷው ዘንድ ሆነ።

ስህተቱ የጀመረው ከዚያ ቁልፍ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ገብታ ጆሮዋን ጆንያ ላይ ለጠፈች። ውስጡ ይንኮሻኮሻል፤ ነቀዙ በሕይወት አለ። በሁለተኛው ቀንም ገባች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን በሩ አጠገብ ያለው ጆንያ ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ አገኘችው። እጇን አሳረፈችበት። ላስቲኩ ከእህሉ ጋር ተጣብቋል። ጆሮዋን አስጠጋች፤ ድምፁ ሳስቷል።

ይህን ጎን ታውቀዋለች። ልጇ በስምንት ወሯ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ አንሶላው ላይ ተጋድማ ጎኗ እንዲህ ነበር የሚሰረጉደው። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ» ያላት ቃል ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጆሮዋ አልወጣም።

«ምናልባት ዘሩም አብሮ እየሞተ ይሆናል» አለች። «አሁንም ልዘግይ?»

የጆንያ መስፊያውን ትልቅ መርፌ አምጥታ ጎኑን ሦስት ቦታ ወጋችው፤ ጆንያውንም ሁለቱንም ላስቲክ አልፎ እህሉን እስኪነካ። አየሩ ሲር ብሎ ገባ። የሰረጎደው ጎን ቀስ እያለ ተመለሰ፤ እሷም አብራው ተነፈሰች። «እሰይ የኔ ልጅ» አለችው፣ ጆንያውን።

ወደ ሁለተኛው ስትዞር የልጇ ድምፅ ከውጭ ተሰማ። መርፌውን ኪሷ ከተተችው።

ልጅቷ ገብታ የውስጠኞቹን ጆንያዎች ዳሰሰች፤ ፊቷ በራ። «እማዬ፣ ነይ ንኪው! ሰርጉዷል እኮ! አየሩ አልቋል ማለት ነው። እየሠራ ነው!»

«መሰርጎዱ… ደኅና ነው እንዴ?»

«ዋናው ምልክት እሱ ነዋ! የመርፌ ቀዳዳ ብትኖርበት እንዲህ አይሆንም ነበር።»

ኪሷ ያለው መርፌ ጭኗን የወጋት መሰላት። «ቀዳዳ ቢኖርበትስ ምን ይሆናል?»

«ነቀዙ ይተነፍሳላ። ከተነፈሰ ይራባል፤ ከተራባ ይበላዋል። ምነው?»

«ኧረ ምንም። እንዲያው ምናልባት ብዬ ነው።»

ልጅቷ ስቃ ግንባሯን ሳመቻት። ያኔ ብትናገር ኖሮ በአንድ ቁራጭ ፕላስተር ያልቅ ነበር። ግን ያ ሳቅ እፊቷ ላይ ሲከስም ማየት አቃታት። «ነገ ማንም ሳያየኝ እደፍነዋለሁ» አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች ሴት ነገን ማመን አልነበረባትም። በማግስቱ ከገበያ ስትመለስ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ጣሪያው ተጠግኖ፣ ልጅቷ በመለዋወጫ ቁልፉ ከፍታ፣ የማኅበሩ ሰዎች ሃያ አንዱንም በጋሪ ወስደው ከመጋዘኑ ደርድረውታል። የወጋችው ጆንያ አንገት ላይ የታሰረችውን የባለቤት ስም ካርድ ደግሞ ስትወጋው አላነበበችም። የማን እንደሆነ አታውቅም።

ሁለት ወር ተኩል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ የእሷ ሆድ ግን ቀንም አላረፈም። በመጋዘኑ መስኮት ባለፈች ቁጥር ጆሮዋን ትደቅናለች፤ የወፍጮው ድምፅ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። አንድ ቀን የማኅበሩን ሊቀመንበር የመጋዘኑን ቁልፍ ለመነችው።

«ልጅሽ ለማንም እንዳልሰጥ አስምላኛለች» አለ ሽማግሌው። «ለማንም ብላ አላቆመችም፤ ‹በተለይ ለእማዬ› ብላለች።»

ባለወፍጮውም ሲያገኛት አይምራትም። «እትዬ ምናልባት! ሚስማሩን በሩ ላይ መታሁት እኮ። ጆንያው ብቻ ነው የቀረ!»

እውነቱን ነበር። ሄዳ አየችው፤ አዲስ ሚስማር፣ ጣት የሚያህል።

ደመናው ከብዶ የመሬቱ ሽታ ሲለወጥ፣ ልጅቷ መክፈቻውን ለቅዳሜ ጠዋት ቀጠረች። ሃያ አንዱም ባለጆንያ መጋዘኑ በር ላይ ተሰበሰበ። ባለወፍጮው ወፍጮውን አስነስቶ፣ ዱቄት እንደለበሰ ከፊት ቆመ።

«ከእኔ ጀምሩ» አለ።

«እንደ አቀማመጡ ነው፣ ጋሼ» አለች ባለሙያዋ። ድምጿ ቀጥ ያለ ነው። የመጀመሪያውን አንገት ልትፈታ ጎንበስ አለች።

«ቆይ!»

ሁሉም ዞረ። እትዬ ምናልባት ከሰው መሐል ወጥታ ነበር።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ሳይከፈት… ልስማቸው።»

«ምኑን?»

ዝም ብትል ቢበዛ አንድ ጆንያ ይነቅዛል፤ ጥፋቱ ግን የልጇ ይሆናል፤ የድርቡ ይሆናል፤ ጆንያውም እዚያ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ብትናገር ደግሞ… ኪሷ ገባች። መርፌውን ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጣለችውም። አውጥታ በመዳፏ ዘረጋችው።

«አንዱን ወግቼዋለሁ» አለች። «በአራተኛው ቀን። ጎኑ ሰርጉዶ ሳየው የታፈነ ልጅ መሰለኝ። እንዲተነፍስ ብዬ ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ ቀዳዳው በጆንያው ሽመና አይለይም። ውስጡ ነቀዝ ካለ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ድርቡ አይደለም። ልጄም አይደለችም።»

ከወፍጮው ድምፅ በላይ ሁሉም በአንዴ ጮኸ። «የኔ ቢሆንስ!» «ዘር ላይ መርፌ!» «ቁልፍ ለማን ነው የሰጣችሁት?» ልጅቷ ግን አልጮኸችም። እናቷን አየቻት፤ ያ ሳቅ ከፊቷ ከሰመ። እናትየው ሁለት ወር ተኩል የሸሸችው ያንን ነበር፤ ይኸው ደረሰ።

«ሰምተሽ ታገኚዋለሽ?» አለች ልጅቷ፣ ቀዝቀዝ ብላ።

«ዝም ያለው ደኅናው ነው። የሚንኮሻኮሸው ነው የወጋሁት። ግን ወፍጮው…»

ሰው ሁሉ ወደ ባለወፍጮው ዞረ።

«ምን? ሦስት ሰው ተሰልፏል እኮ!»

«አጥፋው» አለ ሊቀመንበሩ።

«እኔ ወፍጮዬን ለነቀዝ ላጥፋ?»

«አምና ዝናብ ሲዘንብ ባዶ እጅህን እርሻ መሐል ቆመህ አይቼሃለሁ። አጥፋው።»

ባለወፍጮው እያጉረመረመ ሄደ። ወፍጮው ሁለት ሦስቴ ተንገጫግጮ ቆመ። ያ ሰፈር በቀን እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

እትዬ ምናልባት ተንበርክካ ጆሮዋን የመጀመሪያው ጆንያ ላይ አደረገች። ዝም። ሁለተኛው፣ ዝም። ዕድሜዋን ሙሉ ዝምታን ስትፈራ የኖረች ሴት፣ ዛሬ በየጆንያው ዝምታን ትለምናለች። አምስተኛው፣ ስምንተኛው፣ አሥራ አንደኛው። አንድ ሰው ሲያስል ሌላው በክርኑ ጎሸመው። ጉልበቷ ደነዘዘ። አሥራ አራተኛው ላይ የሰማች መሰላት፤ የራሷ ልብ ነበር።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ቆመች። ክርክርክር ይላል፤ ሰው በደረቅ ቅጠል ላይ በቀስታ እንደሚሄድ።

ልጅቷም ጎንበስ ብላ ሰማች። ከዚያ አንገቱ ላይ ያለችውን ካርድ ገልብጣ አነበበች፤ ቀና ብላም ባለወፍጮውን አየችው።

«አ-ሃ!» አለ። «ድሮስ የማን ሊሆን ኖሯል!»

ሃያው ተከፈተ። ነቀዙ ከላይ እንደ ጥቁር ጨው ደርቆ ተበትኗል፤ ፍሬው ግን እንደገባ ነው፤ ወርቃማ፣ ሙሉ፣ በጥርስ ሲነክሱት ቀጭ የሚል። አሥራ ሰባተኛው ሲፈታ ግን ዱቄት ሽው ብሎ ወጣ፤ የተበሳሳው ፍሬ ላይ ነቀዙ ይርመሰመሳል። ሰው አየ። ይህን ከዚያ፣ ያንን ከዚህ አስተያየ። ልጅቷ አንዲት ቃል መጨመር አላስፈለጋትም።

እትዬ ምናልባት የራሷን ጆንያ፣ ስድስተኛውን፣ እየጎተተች ባለወፍጮው እግር ሥር አደረሰች። «ይኸው ያንተ ነው፣ ወንድሜ። የነቀዘው የኔ ነው።»

ባለወፍጮው ጆንያውን አየ፤ እሷንም አየ። «እሰቅላለሁ ያልኩትን ግን አልተውም» አለ። «ቃል ቃል ነው። ባዶ ድርቡን ስጪኝ። መርፌውንም።»

በማግስቱ ድርቡ ከነመርፌው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሎ ዋለ። «ምንድን ነው?» ላለው ሁሉ ባለወፍጮው «የእናት ፍቅር ነው» ይላል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ታሪኩን ከነዝርዝሩ ያወራል፤ ቀዳዳዎቹን በጣቱ እያሳየ፣ አየር ምን እንደሚያደርግ እያስረዳ፣ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል። ሰው እየሳቀ ድርቡን የት እንደሚያገኝ ጠይቆ ይሄዳል። እሷ ወፍጮ ቤት ስትሄድ በጀርባው በር መግባት ጀመረች።

ልጅቷ ከሥራ ውጭ አላናገረቻትም። ከነቀዘው መሐል ደኅና የሚመስለውን እናትየው በእጇ ለቀመች፤ ልጅቷ መቶውን ቆጥራ በርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው። በስድስተኛው ቀን ፈታችው።

«ሃምሳ ሦስት በቅሏል» አለች፣ ለጨርቁ እንደምትነግር። «ከዘጠና በታች ዘር አይባልም።»

«አውቃለሁ።»

«በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ጣይ።»

ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ሲርስ፣ እናትየው ከፊት ሆና ሁለት ሁለት እየጣለች፣ ልጅቷ ከኋላ በእግሯ አፈር እየመለሰች ሄዱ። ዙሪያውን ሰው ሁሉ እየዘራ ነው፤ በሰዓቱ፣ በገዛ ዘሩ። አንድ መስመር ጨረሱ፤ ሁለተኛውን ጀመሩ። እናትየው ቀና ብላ ደመናውን አየች፤ ጨርቁን አሰበች፤ ከመቶ አርባ ሰባቱን አሰበች።

«ምናልባት…» አለች።

ልጅቷ እግሯን አቆመች። «ምናልባት ምን?»

ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ከዘር ወሬ ውጭ የጠየቀቻት የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። እናትየው ዞረች፤ መዳፏ ላይ ያሉትን ሁለት ፍሬዎች አየች፤ አንዱ ጎኑ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለበት።

«ምናልባት ይበቅላል» አለች። ካፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች፤ ቶሎ ብላም ፍሬዎቹን ጉድጓዱ ውስጥ ጣለቻቸው።