ከአንድ እስከ አምስት

“ከተራ የሞባይል ቁጥር ከተላከልዎት የእኛ አይደለም። ‘ዛሬውኑ ካልመለሱ መስመርዎ ይቋረጣል’ ብሎ ካጣደፈዎትም የእኛ አይደለም። የምስጢር ቁጥር ከጠየቀዎትማ ጨርሶ የእኛ አይደለም” አለች ኦፕሬተሯ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለሃያኛ ጊዜ። ደንበኛዋ አመስግና ዘጋች።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነበር። የኢንተርኔት ድርጅቱን ስም የለጠፈ የሐሰት መልእክት ከተማውን አዳርሶታል። ሰው ደግሞ የሚደውለው ከተዘረፈ በኋላ ነው፤ ከመዘረፉ በፊት ማን ይደውላል? በረድፍ የተቀመጡት ኦፕሬተሮች ሄድፎናቸውን አጥልቀው ያንኑ ማስጠንቀቂያ ሲደጋግሙ ይውላሉ። በረድፎቹ መሐል አለቃቸው ይንጎራደዳል። በስሙ የሚጠራው የለም፤ “ቆጣሪው” ነው የሚሉት፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ ያወራች ኦፕሬተር ጀርባ ሄዶ ስለሚገተር።

ቀጣዩ ጥሪ ገባ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር ስታይ ክው አለች። የአባቷ ነበር።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ የዘመድ ጥሪ ለሌላ ኦፕሬተር ይተላለፋል። ጣቷን ወደ ማስተላለፊያው ሰደደች። ግን አባቷ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማችና እጇ እዚያው ቀረ።

“ጤና ይስጥልኝ፣ ኦፕሬተር አርባ ሁለት ነኝ። ምን ልርዳዎት?” ያለችው ለሥራ ብቻ በምታወጣው ቀጭን ድምፅ ነው። አባቷ አላወቋትም።

“ደህና ዋልሽ የኔ ልጅ። ከባንክ ነው የላኩኝ። መልእክቱ ከእናንተ እንዳልመጣ፣ እንዴት እንደተታለልኩም የሚገልጽ ወረቀት ያምጡ ብለውኝ ነው።”

ነገሩን ቀስ ብለው አስረዷት። ትናንት ጠዋት መልእክት መጣላቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልመለሱ ኢንተርኔትዎ ይዘጋል ይላል። መልእክቱ ላይ ያለውን ሰማያዊ ጽሑፍ ነኩት፣ የድርጅቱ አርማ ያለበት ገጽ ተከፈተ፣ የጠየቃቸውን ሁሉ ሞሉ፣ የባንካቸውን የምስጢር ቁጥር ሳይቀር። ቀትር ሳይሆን ለዓይናቸው ኦፕራሲዮን ያስቀመጡት ገንዘብ ሙልጭ ብሎ ወጥቷል።

አባቷ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። አርባ ዓመት መርፌና ክር ላይ አጎንብሰው ግራ ዓይናቸውን ጨርሰዋል፤ አሁን ቀኙም ተጀምሯል። የኦፕራሲዮኑ ቀጠሮ ለሚመጣው ሰኞ ነበር። ሐኪሙ ከዚህ በላይ ካዘገዩት እኔም ምንም አላደርግልዎትም ሲላቸው እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ ሰምታለች።

“ማስጠንቀቂያ አልደረሰዎትም ነበር?” አለች። ባንኩ የጠየቀው ወረቀት ከሚወጣበት ፎርም ላይ ነው የምታነበው።

“ደርሶኛል እንጂ። ግን ልጄ እዚያው እናንተ ዘንድ ናት። ከቢሮዋ መልእክት ሲመጣ ቶሎ መልስ፣ አምስት ስጥ ብላኛለች። እኔ ደግሞ የእሷን ቢሮ አስጠብቄ አላውቅም።”

በስክሪኑ ጥግ ቀረጻውን የምታሳየው ቀይ ነጥብ በርታለች። ኦፕሬተሯ ዓይኗን ከእሷ ላይ መንቀል አቃታት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ድርጅቱ ለደንበኛው መልእክት ይልካል፤ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረኩ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይስጡ ይላል፣ የሚነካ ሰማያዊ ጽሑፍም አለው። አምስት የበዛላት ኦፕሬተር ጉርሻ ታገኛለች፤ ያነሰባት ወንበሯን ለሌላ ትለቃለች። ስለዚህ ወሩ ሊያልቅ ሲል ነጥብ ያጠራት ሁሉ የእናቷን ወይ የአክስቷን ቁጥር እንደ ደንበኛ አድርጋ ታስገባለች። የማታደርገው የለችም። የተያዘች ግን ዕለቱን ነው የምትባረረው። እሷም ሁለት ዓመት ሙሉ የአባቷን ቁጥር ስታስገባ ኖራለች።

መጀመሪያ ሰሞን አባቷ ፈርተው ነበር። ደውለው ይሄ ሰማያዊ ነገር ምንድን ነው፣ ብነካው ጉድ አያመጣብኝም ወይ ብለው ጠየቋት። እሷ ታክሲ ተሰልፋ፣ እየተጋፋች፣ “አባዬ፣ ከቢሮዬ ከሆነ ዝም ብለህ ንካው፣ አታስብ” አለቻቸው። አገሩን ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ስታስጠነቅቅ ለገዛ አባቷ የነገረቻቸው ይህንኑ ብቻ ነው። አፈረች። ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

“ጃጅቻለሁ መሰለኝ” አሉ አባቷ። “ወንዱ ልጄ ከዛሬ ጀምሮ ስልኩንም የባንክ ደብተሩንም እኔ ልያዝልህ አለኝ። ምን እለዋለሁ? እውነቱን ነው።” “ብቻ የኔ ልጅ፣ አፈር ስሆን፣ ልጄ እንዳትሰማ። ሥራዋ ላይ እንዳትረበሽብኝ።”

አምስት ደቂቃ ሞልቶ ኖሮ የቆጣሪው ሽቶ ከጀርባዋ መጣ።

ፎርሙ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደርሷል። የደንበኛው ስህተት መነሻ ይላል፤ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ “ማስጠንቀቂያ ችላ ብሎ”፣ ሌላው “በድርጅቱ ሠራተኛ ምክር ተሳስቶ”። በመጀመሪያው የሚወጣው ወረቀት ባንክ ሲደርስ ጉዳዩ ይዘጋል። በሁለተኛው የሚወጣው ግን ድርጅቱን ተጠያቂ አድርጎ ገንዘቡን ያስመልሳል፤ የሠራተኛውም ቁጥር ይጻፍበታል። እሷ ከተቀጠረች ወዲህ ሁለተኛውን የነካ ኦፕሬተር አላየችም።

ቆጣሪው ጎንበስ ብሎ በእስክሪብቶው የመጀመሪያውን ምርጫ አሳያት፤ ቀጥሎ ሰዓቱን።

ከደሞዜ ቀስ እያልኩ እተካለታለሁ ብላ አሰበች። ቀረጻውን ማንም ላያዳምጠው ይችላል፤ ስንቱ ሳይሰማ ተቀምጧል። ግን ቀኝ ዓይናቸው የእሷን ደሞዝ አይጠብቅም። ወንድሟም ዛሬ ማታ ይመጣል፤ ስልኩንና ደብተሩን ይቀበላቸዋል፤ እሳቸውም ጃጀሁ ብለው ያስረክባሉ።

“አለሽ የኔ ልጅ?” አሉ አባቷ። “ስንጨርስ ያ የነጥቡ መልእክት ይመጣል አይደል? አምስት ነው የምሰጥሽ፣ አታስቢ። የእናንተ እንጀራ በእሱ እንደሆነ አውቃለሁ።”

ኦፕሬተሯ ሁለተኛውን ምርጫ ነካችው። የሠራተኛ ቁጥር የሚል ሣጥን ተከፈተ። አርባ ሁለት ብላ ሞላችና ላከችው። ቆጣሪው ከጀርባዋ ምን ማድረግሽ ነው አለ፤ ዞራ አላየችውም።

“አባዬ፣ እኔ ነኝ” አለች፣ በቤት ድምፅዋ። “አልጃጀህም። ንካው ያልኩህ እኔ ነኝ።”