ልጨርስልሽ

በጽሑፍ አልንተባተብም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚያውቁኝ ሰዎች ሲያነቡኝ "ይህቺ ልጅ ይህን ሁሉ ወሬ ከየት አመጣችው?" እንዳይሉ ነው። ወሬውማ ድሮም ነበረኝ። ችግሩ ከሆዴ ተነስቶ ከንፈሬ ጋ ሲደርስ እንደ ኬላ የሚያስቆመው ነገር መኖሩ ነው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል፤ እኔ ግን አፍ እያለኝ ስንቱ ነገር አርሮብኛል።

ተብታባ ሰው የሚጠላው መንተባተቡን ይመስላችኋል? አይደለም። የሚጠላው ቃሉን ከአፉ ነጥቀው የሚጨርሱለትን ደጋጎች ነው። ሱቅ ሄጄ "ሳ... ሳ..." ስል ባለሱቁ ትንፋሼን ሳልሰበስብ "ሳሙና!" ብሎ ያስጨብጠኛል። የፈለግኩት ሳህን ነበር። ግን ማን ቆሞ ይከራከራል? ቤታችን ሳሙና ጠፍቶ የማያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። የባሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰው አንድ ቃል ከነጠቀኝ ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ይቆለፋሉ። ቀኑን በጥቅሻና በእጅ ምልክት እገፋዋለሁ።

ይህን ጠንቅቃ የምታውቅ አንዲት ሰው ነበረች፤ የአክስቴ ልጅ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያደግኩት አክስቴ ቤት ነው። አክስቴን እማዬ እላታለሁ፣ ልጇን ደግሞ እህቴ። በአንድ ክፍል ተኝተን፣ በአንድ ማበጠሪያ አበጥረን ነው ያደግነው። ትምህርት ቤት ልጆቹ ቃሌን ሊጨርሱልኝ ሲሽቀዳደሙ "ተዉአት! ራሷ ትጨርስ!" እያለች በደብተሯ አናታቸውን የምትላቸው እሷ ነበረች። ቃል ሲይዘኝ ፊቴን አታየኝም፤ ወደ መስኮቱ ዞር ትልና ምንም እንዳልተፈጠረ ትጠብቀኛለች። እንደሷ መጠበቅ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

የእማዬ ወንድም፣ እኛ ጋሼ የምንለው፣ ደች በሚነገርበት አገር ነው የሚኖረው። እሱ ጋ ሄደን ለመማር አሰብን፤ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግን ደች እስከ ቢ ቱ ደረጃ ማወቅ ግድ ነው። ቢ ቱ ማለት ዳቦ ገዝቶ ለመመለስ የሚበቃው አይደለም፤ ሌክቸር ሰምቶ ማስታወሻ የሚያስይዘው፣ ግራፍ አይቶ የሚያስተነትነው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ቆሞ የሚያሟግተው ነው። እኔ መነፅር ቤት ሌንስ እቆርጣለሁ፤ ማሽኑ ስለሚጮህ ማንም አናግሪኝ አይለኝም። የዓይን ምርመራ መማር እፈልግ ነበር። እህቴ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ እሷ ደግሞ አስተዳደር መማር ትፈልግ ነበር። ከሥራ በኋላ ለሚሰጥ የደች ትምህርት አብረን ተመዘገብን።

ትምህርት ቤቱ ከአንድ ጎሚስታ በላይ፣ ፎቅ ላይ ያለ ሰፊ ክፍል ነበር። እኛ ሌክቸር ስናዳምጥ ከታች ጎማ ይነፋል፤ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሰማሁት ሁሉ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ከኮምፕሬሰር ጋር ነው የሚያጓራው። መምህራችን በደች አፏን የፈታች፣ ቁመተ ረጅም ሴት ናት፤ በደብተሮቻችን ላይ ባደረሰችው ጉዳት ቀይ እስክሪፕቶ ብለናታል። ከጉሮሮ የሚወጣውን የደች ድምፅ ስታለማምደን "አትፈሩት፤ ጉሮሯችሁ ላይ የዓሣ አጥንት እንዳለ አስቡ" ትለን ነበር። ክፍሉ በሙሉ እንደ ሳንባ ሕመምተኛ ሲስል ያመሻል።

እኔ ግን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የመጀመሪያው ቀን "ሥራሽን ተናገሪ" ስባል እንደ ልማዴ ተሸማቅቄ ተነሳሁ፤ አፌን ከፈትኩ፤ ወጣ። ሳይያዝ፣ ሳይደናቀፍ ወጣ! ቁጭ ማለቱ ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ። እህቴ ከጎኔ እጄን ጨበጠችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ምክንያቱን አላውቀውም። በአማርኛ የሳቁብኝ ሰዎች በደች አልነበሩም፤ ባለሱቁም አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ሲርበው እንደኖረ ሰው ተናገርኩ። አስተያየት ያለው ሲባል እጄን የማወጣው እኔ፣ ተቃዋሚ ሲጠፋ የምቃወመው እኔ። ቀይ እስክሪፕቶ አንድ ቀን "ለሌሎቹም ተይላቸው" ብላ ቆጣችኝ። እኔን! ዝም በይ የተባልኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ሽልማት ይዤው ወደ ቤት ገባሁ። እህቴ ግን የመናገሩ ነገር ከብዷት ነበር። በአማርኛ ምላሷ ቅቤ የሆነች ልጅ በደች ተራ ጥያቄ ስትጠየቅ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

የንግግሩ ፈተና የሚሰጠው በጥንድ ነው። ሁለቱ ተፈታኞች ርእስ ይሰጣቸዋል፣ ይከራከራሉ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሐሳብ ላይ ይደርሳሉ። አንድ እጅ አያጨበጭብም፤ ጥንድህ ከተበላሸ አንተም ተበላሸህ። መራጩ ደግሞ ራስህ ነህ። ከኛ ጋር የሚማር አንድ የባንክ ገንዘብ ያዥ ነበር፤ ንግግሩ የተጣራ። "ከኔ ጋር ግቢ፤ ሁለታችንም እናልፋለን" አለኝ። እውነቱን ነበር።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንሄድ ለእህቴ ነገርኳት።

"እኔን ትተሽ?" አለች፣ መሐል መንገድ ላይ ቆማ። "ከማላውቀው ሰው ጋር ከገባሁ እኮ ሁሉም ይጠፋብኛል። አንቺ ካለሽ ነው ልቤ የሚረጋው።"

"ብ... ብያዝስ?"

"እጠብቅሻለሁ። መቼ ሳልጠብቅሽ ቀርቼ አውቃለሁ?"

በማግስቱ ገንዘብ ያዡን ይቅርታ ጠይቄ ከእህቴ ጋር ፈረምኩ።

ለፈተናው ከተመዘገብን በኋላ ጋሼ ደወለ። እማዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ መሐላችን አስቀመጠችው። ቤቱ ጠባብ እንደሆነ፣ ዋስ መሆን የሚችለውም ለአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ነገረን። "ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ፤ ላበላልጥ አልችልም። በፈተናው የበለጠችው ትምጣ፤ ሌላዋ ጊዜ ጠብቃ ትከተላለች" አለ። ስልኩ ሲዘጋ እህቴ ሳቀች።

"ታዲያ ምን ያሳስባል? አንቺ ነሻ የምትሄጂው" አለች።

"የ... የሄደችው የቀረችውን ትስባለች" አልኩ። በእማዬ ሞት ማልን። ከዚያ በኋላ እህቴ ልምምድ ላይ ዝምታ አበዛች፤ እኔ የፈተና ፍርሃት ነው ብዬ አሳለፍኩት።

ፈታኞቹ ሁለት ነበሩ። ሰውየው ይጠይቃል፤ ሴትየዋ ጥግ ተቀምጣ ትጽፋለች። ርእሱ ተማሪ ሌክቸር ላይ በአካል መገኘቱ ግዴታ ይሁን ወይስ አይሁን የሚል ነበር። ደስ አለኝ። ሌንስ መቁረጥ የለመድኩት ባለሙያ አጠገብ ቆሜ፣ እጁን እያየሁ መሆኑን፣ አንዳንድ ዕውቀት ሰው አጠገብ ካልቆሙ እንደማይገኝ መናገር ጀመርኩ። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጠኛል። አንድ ቃል ፈልጌ ቆም አልኩ። አልተያዝኩም፤ ማንም ሰው እንደሚያደርገው ቃል እየመረጥኩ ነበር።

እህቴ ቃሉን አቀበለችኝ።

ትክክለኛው ቃል ነው። አምልጧት ይሆናል ብዬ ቀጠልኩ፤ ደረቴ ላይ ግን የማውቀው ነገር ሲጠብቅ ተሰማኝ። በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ዘገየሁ። አሁንም ቀደመችኝ፤ ነጥቃ እስከ መጨረሻው ወስዳ ዘጋችው። ዞሬ አየኋት። ወደ መስኮቱ አልነበረም የምታየው። ዓይን ዓይኔን እያየች ፈገግ ብላለች። ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ አንድም ስሕተት በሌለበት ደች ለፈታኙ እንዲህ አለችው፦

"ይቅርታ ያድርጉልን፤ እህቴ የመናገር ችግር አለባት። እኔ ልጨርስላት።"

ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። የሰውየው ፊት ራራ፤ ያን ርኅራኄ አውቀዋለሁ፣ የባለሱቁ ነው። "ችግር የለም፣ ተረጋጊ" አለኝ። አፌን ከፈትኩ። መንጋጋዬ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቴ ተገተረ፣ ከአፌ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር። እህቴ የኔን ነጥቦች፣ የኔን የሌንስ ታሪክ ሳይቀር፣ "እህቴ ማለት የፈለገችው" እያለች አንድ በአንድ ተናገረች። ጣሪያ አላየችም።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ "ልረዳሽ ብዬ እኮ ነው" አለችኝ። ምንም አልጠየቅኳትም ነበር። "ስትጨነቂ አላስችለኝ አለ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ያመኑት ፈረስ ግን የሚጥልህ የቱ አጥንትህ ቀድሞ እንደተሰበረ ስለሚያውቅ መሆኑን አልነገሩኝም። ሌላ ሰው እንዲህ ሊጎዳኝ ባልቻለ ነበር፤ የት እንደሚያመኝ አያውቅማ!

ቤት ስንደርስ ለእማዬ ቀድማ የተረከችው እሷ ናት። እኔ በምን አፌ? እማዬ አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ወደኔ ዞራ "እህትሽ እኮ አንጀቷ አልችል ብሎ ነው፤ አትቀየሚያት" አለችኝ። ልናገር ስሞክር "በቃ በቃ፣ ገብቶኛል የኔ ልጅ" ብላ እሷም ጨረሰችልኝ። ምንም አልገባትም ነበር። ያን ቀን አልጋዬ ውስጥ ገብቼ በንዴት ትራሴን ነከስኩት።

ውጤቱ ሲመጣ በንባብ፣ በጽሑፍና በማዳመጥ ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። በንግግር ወደቅኩ። እሷ ሁሉንም ለጥቂት አለፈች። ጋሼ "የአምላክ ፈቃድ ነው" አለ። የአምላክን ስም እዚህ ውስጥ ምን እንዳስገባው እሱ ይወቅ።

ቀይ እስክሪፕቶ አስጠርታኝ የንግግሩን ክፍል ብቻ ደግሜ መፈተን እንደምችል ነገረችኝ። "ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ አንቺን ዝም ማሰኘት ነበር የሚያቅተኝ" አለች። እኔም ተስፋ አልቆረጥኩም። መነፅር ቤት፣ ማሽኑ ፊት፣ ብቻዬን ደቼን እየተናገርኩ ሌንስ እቆርጣለሁ፤ ቃሉ እንደ ውኃ ይፈሳል። አንድ ቀን ነው የተበላሸው፣ ቋንቋው ግን አሁንም የኔ ነው እላለሁ። ከሰው ጋር ግን ገና አልሞከርኩትም ነበር።

እህቴ የምትሄድበት ጠዋት ታክሲው በር ላይ ቆሞ፣ እማዬ ሹፌሩን ዕቃ ታሸክመዋለች። ክፍላችን ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ጀርባዋን ሰጥታኝ ከእጅ ሻንጣዋ ዚፕ ጋር ትታገላለች።

"አውቄ ነው ያደረግኩት" አለች። "መቼም ታውቂዋለሽ።"

ዚፑን እንደገና ጎተተችው።

"ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅሽ ነው የኖርኩት" አለች፣ ድምፅዋ እየሻከረ። "ሱቅ ስጠብቅሽ፣ እንግዳ ፊት ስጠብቅሽ፣ ጓደኞቼ ጥለውኝ ሲሄዱ አንቺን ስጠብቅ። ደች ስንጀምር ደግሞ እኔን ሳትጠብቂ ጥለሽኝ ሄድሽ። አንድ ቀን እንኳ እኔ ልቅደም አልኩ።"

ይህን ሳልሰማው ብትሄድ ይሻለኝ ነበር። ፈተናውን ወስዳብኛለች፣ ይሁን። አሁን ግን ልጅነቴንም ይዛ ልትሄድ ነው። ያ ሁሉ ወደ መስኮት መዞር፣ እኔ ፍቅር ያልኩት፣ ለካ እሷ ዘንድ እንደ ሸክም ሲቆጠር ኖሯል። የምመልሰውን ከነጥላቻው አዘጋጅቼ ነበር፤ በአማርኛ ሳይሆን እሷ በምትፈራው፣ እኔ በምበልጥበት፣ በደች። ፈተናውን እንደማልፍ፣ ያ አገር እንደምመጣ፣ መንገድ ላይ ባገኛት ግን እንደማላውቃት ልነግራት። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ማሽኑ ፊት ስንት ጊዜ ብያታለሁ።

ዞራ አየችኝ። አፌን ከፈትኩ።

የመጀመሪያው ፊደል ተያዘ።

ደች ነው፤ ግን ተያዘ። እንደገና ሞከርኩ፤ ከንፈሬ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቴ ተገተረ። እህቴ ምን እንደሆነ ከኔ ቀድማ ገባት። ፊቷ ላይ የነበረው ቀለም ሲጠፋ አየሁ። ሻንጣው ከእጇ አመለጠና አልጋው ላይ ወደቀ።

"አይ..." አለች በቀስታ። "በደችም?"

ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ። እማዬ ከውጭ "ኧረ እናንተ ልጆች፣ ረፈደ!" ብላ ተጣራች። እህቴ አልመለሰችላትም፤ አልተንቀሳቀሰችምም። ቆማ ቃሌን ትጠብቃለች። እኔም አብሬያት እየጠበቅኩ ነበር።