ሦስት ማሽን ለአንድ እግር

አባቴ አቶ የሺዋስ ሲናገር አይጮህም፤ ቃሉን ማስቀየር የማይቻለውም ለዚህ ነው። ቅዳሜ ማለዳ የአኩሪ አተሩን ሽያጭ ገንዘብ በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠኝና ውሉን ተናገረ። ዛሬ ከአሶሳ የስፌት ማሽን ይዤ አምባችን ከገባሁ ማሽኑ የኔ ነው። ባዶ እጄን ከተመለስኩ ገንዘቡ ነገውኑ ለወንድሜ ለበቃሉ የባጃጅ ቀብድ ይሆናል። በቃሉ በሩን ተደግፎ ጥርሱን እየፋቀ ሳቀ። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ደጋግሞ የወደቀ ልጅ ነው። እኔ ግን ማንም ሳያስተምረኝ ልብስ ቆርጬ እሰፋለሁ። ይህን የምለው ለመኩራት ነው፤ ሌላ የምኮራበት ነገር ማን ሰጠኝ?

የተማርኩት በእትዬ አሰለፈች ማሽን ነው። ጎረቤታችን ናት፤ ልብስ ሰፊ ባሏ ሲሞት ማሽኑ ጓዳ ውስጥ አቧራ ለብሶ ቀረ። እሷ እርሻ ስትወርድ እኔ ስልኬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ቪዲዮ እያየሁ እሰፋለሁ። በሰፈራችን በእጄ ያላለፈ የልጃገረድ ቀሚስ የለም። አምና ልጇ መጥቶ ማሽኑን ወደ ፓዌ ጫነው። ከዚያ ወዲህ እጄ ሥራ ፈትቶ አፌ ብቻ እንደሚሠራ ይናገራል በቃሉ።

ጓደኛዬ ዐርዋ አሶሳ መናኸሪያ በር ላይ ጠበቀችኝ። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ አንደኛ ደረጃን አንድ ወንበር ላይ ነው የጨረስነው። ያኔም ዛሬም እንደ ወንድ “አንተ” ትለኛለች፤ እኔም ለምጄዋለሁ። እናቷ እዚያው አሶሳ ወደ መንገድ የሚከፈተውን ክፍል ለሁለታችን ልትለቅልን ነው። ቤቱ ከሷ፣ ማሽኑ ከኔ። ዐርዋ ማሽን ላይ ተቀምጣ አታውቅም፤ የማስተምራት እኔ ነኝ። መንገድ ሙሉ ስለ ክር አገባብ ስነግራት፣ እሷ “ኢንሻአላህ” እያለች ከኋላዬ ትከተላለች።

“አትሩጥ፣ ገበያው የትም አይሄድም” አለችኝ።

ገበያው ባይሄድ መኪናው ይሄዳል። ወደ አምባችን የሚመለሰው የመጨረሻው ሚኒባስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የሚወጣው።

ከፓዌ መጥታ ሱቅ የከፈተችው ወይዘሮ ዘመናይ ሦስት ዓይነት ማሽን በዋጋቸው ደርድራለች። እኔ ዋጋ የምለካው በከብት ነው። የመጀመሪያዋ የሁለት ፍየል ናት፤ በባትሪም በመብራትም የምትሠራ፣ በአንድ እጅ የምትነሳ ፕላስቲክ። ሁለተኛው የጊደር ነው፤ ጥቁር ራስ፣ የእንጨት ጠረጴዛ፣ በእግር የሚረገጥ። ሦስተኛው የእርሻ በሬ ነው፤ ዚግዛግ ይሰፋል፣ የቁልፍ ቀዳዳ ይሠራል፣ መብራት ሲኖር በሞተር፣ ሲጠፋ በእግር። ያን ቀን መብራት አልነበረም።

ባለሱቅ በሚያቀርበው አቡጀዲ ላይ የማይሰፋ ማሽን የለም። ስለዚህ የራሴን ጨርቅ ይዤ ሄጃለሁ፤ ወፍራም ካኪና የዐርዋ እናት ከሚከናነቡት አሮጌ ቶብ የተቆረጠ ስስ ብጣሽ። ፕላስቲኳ ቶቡን ሰፋች። ካኪውን አጥፌ ስሰጣት ግን አቃሰተችና ቆመች። ለአሻንጉሊት ልብስ የምትሆን ናት አልኩ።

ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ሳቁ። ቢሊሱማ ይባላሉ፤ ከባምባሲ ለራሳቸውና ለምራታቸው ሁለት ማሽን ሊገዙ የመጡ ናቸው። “ያ ኢንታላ” አሉኝ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፤ የማውቅ ስለምመስል የምመርጠውን እንደሚወስዱ ነገሩኝ። ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ጥቁሩ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን አሳርፌ ረገጥኩ። ክሩ ከጨርቁ ሥር ተጠቅልሎ ቋጠሮ ሆነ። ፈታሁት፣ ደግሜ ረገጥኩ፣ ተበጠሰ። ወደ ውዱ ዞርኩ፤ እሱም ያው። ወይዘሮ ዘመናይ ቀስ ብዬ እንድጀምር፣ እጄን የላይኛው ጎማ ላይ እንዳደርግ መናገር ጀመረች። አላስጨረስኳትም።

“እኔን ማስተማር አያስፈልግዎትም። ማሽኖቹ ናቸው የውሸት። የጊደሩም የበሬውም ያው ናቸው፤ የሚለያዩት በቀለም ነው።”

ወይዘሮ ቢሊሱማ ቦርሳቸውን አነሱና ወጡ። ወይዘሮ ዘመናይ የተበጠሰውን ክር ከመርፌው ነቀለች።

ዐርዋን እዚያው ጠብቂኝ ብዬ ገበያውን ማሰስ ያዝኩ። አንዱ ሱቅ ፕላስቲኩ ብቻ ነው ያለው። ሌላው ዕቃው ሰኞ እንደሚገባ ነገረኝ፤ ለኔ ሰኞ የለም። በረንዳ ላይ የሚሰፋ ሰውዬ የራሱን አሮጌ ማሽን ሊሸጥልኝ ሞከረ። አባቱ የሰፋበት፣ እሱ ያረጀበት መሆኑን እየማለ የአዲስ ዋጋ ጠራብኝ። ሽማግሌ በጥሎሽ አይገዛም ብዬው አለፍኩ። በሄድኩ ቁጥር ጆሮዬ ላይ የባጃጅ ድምፅ ይሰማኛል። ፀሐይዋ ወደ ሱዳን አቅጣጫ ማዘንበል ጀምራለች፤ አቧራው ጉሮሮዬ ገብቷል፤ የቋጠርኩት ገንዘብ ወገቤን ያሳክከኛል።

ዐርዋን ይዤ ልሄድ ተመለስኩ። ገና ከውጭ ሳለሁ ማሽን ይሰማል፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ሳይደናቀፍ። ገባሁ። ጥቁሩ ማሽን ላይ የተቀመጠችው ዐርዋ ናት። ካኪዬን ይዛ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ስፌቱን እንደ ቀጥተኛ መንገድ ታስኬደዋለች። ወይዘሮ ዘመናይ ጎኗ ቆማለች።

ተነሺ አልኳት። ተቀመጥኩ፣ ረገጥኩ፣ ተበጠሰ።

ዐርዋ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየች። “እግርህ ወደ ኋላ ይሄዳል” አለችኝ። “ወላሂ፣ ጎማው ወደ ኋላ ይዞራል።”

እኔም ጎንበስ አልኩ። ከታች ትልቁን ጎማ ከላይ ከትንሹ ጋር የሚያያይዘው የቆዳ ቺንጋ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የእትዬ አሰለፈች እንዲህ አይደለም። ቺንጋው ስለረዘመ ሟቹ ባሏ ቆርጦ ከማሳጠር ይልቅ ስምንት ቁጥር አስመስሎ አጣምሮት ነበር። የተጣመረ ቺንጋ ደግሞ የታችኛውን ጎማ በግልባጩ ያዞረዋል። እኔ ማሽን ሁሉ እንዲያ ይመስለኝ ነበር፤ ቪዲዮው እጅ እንጂ እግር አያሳይም። እግሬ በደንብ ተምሯል፣ ግን ግልባጩን። ማሽን ወደ ኋላ ሲዞር ክር ይበጥሳል፤ ክሩን የምበጥሰው እኔ ነበርኩ።

ፊቴ ነደደ። ለማፈር ግን ጊዜ አልነበረም። የበሬው ማሽን ሲበላሽ መለዋወጫው አሶሳ የለም፤ ጥቁሩን ግን በረንዳ ላይ ያለ ሰፊ ሁሉ ይጠግነዋል። ቋጠሮዬን አወጣሁና ጥቁሩን እወስዳለሁ አልኩ።

“አልሸጥልሽም” አለች ወይዘሮ ዘመናይ። “የባምባሲዋ ሴትዮ ሁለት ሊወስዱ ነበር። የሱቄን ስም በሰው ፊት አጥፍተሻል፤ ሂጂና በሰው ፊት መልሺው።”

ሮጥኩ። የባምባሲው ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል፤ ረዳቱ ይጣራል። ወይዘሮ ቢሊሱማ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል።

“እናቴ፣ ማሽኑ ደህና ነው” አልኳቸው።

“የውሸት ነው ያለችኝ ማን ነበረች?”

“እኔ ነኝ።”

“ደህና ነው የምትለኝስ?”

“እሷም እኔ ነኝ።”

ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ሳቀ። ሴትዮዋ አልሳቁም። “የቱን አፍሽን ልመን?”

ምላሴ እንደ ልማዱ ስድብ ፈለገ። ለረዳቱ፣ ለተሳፋሪው፣ ለሟቹ ልብስ ሰፊ። ዋጥኩት። “አፌን ይተዉት። ይውረዱና እግሬን ይዩ። ማሽኑ አይዋሽም፤ የሚዋሸው እግሬ ነው።”

ረዳቱ ሰው አስወረድሽብኝ ብሎ ተነጫነጨ፤ እሳቸው ግን ወረዱ።

ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ጥቁሩ ላይ ተቀመጥኩና በሁሉም ፊት ረገጥኩ፤ ክሩ ተበጠሰ። ደገምኩት፤ ደግሞ ተበጠሰ። አንዱ ጎረምሳ አፏጨ። ተነስቼ ቦታውን ለዐርዋ ለቀቅኩ። እሷ የላይኛውን ጎማ በእጇ ወደ ራሷ ገፋ አደረገችና እግሯን አስከተለች። ካኪውን ካንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ አደረሰችው። ወይዘሮ ቢሊሱማ ስፌቱን በሁለት እጃቸው ሳቡት፤ አልተላቀቀም። ውዱን ልውሰድ ወይስ ይህን ብለው ጠየቁኝ፤ እኔን ነው የጠየቁት። ባምባሲ መብራት እንዴት ነው አልኳቸው። ሳቁና ሁለት ጥቁር አስጫኑ።

ወይዘሮ ዘመናይ ሂሳቤን ተቀብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ረጅም ቺንጋ እንዳላት፣ ከፈለግኩ እንደለመድኩት አጣምራ እንደምትሰጠኝ፣ ዛሬውኑ መስፋት እንደምችል ነገረችኝ። እውነት ለመናገር አፌ እሺ ለማለት ተከፍቶ ነበር። ዐርዋ ጣቷን ገና የጨረሰችው ስፌት ላይ ታመላልሳለች። ቺንጋው ቢጣመር እግሬ ዛሬ ይሰፋል፤ እሷ ግን ከኔ ግልባጩን ትማርና በሰው ማሽን ላይ ስትቀመጥ እንደኔው ትዋረዳለች።

“ቀጥ ያለው ይሁን” አልኩ።

ማሽኑን ሚኒባሱ አናት ላይ ስናስር ዐርዋ ገመዱን እያጠበቀች፣ “አባትህ ይየው፤ ሰኞ ይዘኸው ና፣ እኔ አስተምርሃለሁ” አለችኝ። እሺ ብዬ ተሳፈርኩ።

መኪናው ከከተማው ሲወጣ ፀሐይዋ ልትገባ ነበር። በሐሳቤ የላይኛውን ጎማ ወደ ራሴ ገፋሁና ወለሉ ላይ መርገጥ ጀመርኩ፤ ተሳሳትኩ፤ እንደገና ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጉልበቴን እያየ ብዙ ታገሠ።

“እህቴ፣ ይሄ እግርሽ አያርፍም እንዴ?”

“ሥራ ላይ ነው” አልኩት።