ሦስት ዙር

«ዛሬም ወጣች» አለች ጎረቤቷ፣ ሻይ የምትቀዳ መስላ ወደ መምህርቷ ጆሮ ጠጋ ብላ። «ሐዘን ተቀምጣ ጠዋት ጠዋት የምትወጣ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

መምህርቷ ወደ ጓሮው በር ዞር ብላ አየች። ወንድሟ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነው። ያለፉትን ሦስት ጠዋቶች፣ ለቀስተኛው ፍራሽ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ የወንድሟ ሚስት በጓሮ በር ሹልክ ብላ ወጥታ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጫማዋ አቧራ ለብሶ ተመልሳለች። የት ነበርሽ ስትባል «አየር ልቀበል ብዬ» ትላለች። ባሏን ቀብራ ሳምንት ያልሞላት ሴት የምን አየር ነው?

ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነበር። በየሰዓቱ ከስፌት መኪናው ተነስቶ ወገቡን ያፍታታል፣ ጨው ይቀንሳል፣ በጊዜ ይተኛል። ደንበኞቹ «አንተማ እኛን ሁላችንንም ቀብረህ ነው የምትሞተው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ዝናብም ቢሆን የእግር ጉዞውን አይተውም። እሷ ጡረታ የወጣች ሰሞን አብሬህ ልሂድ ብትለው፣ «አንቺ ትቸኩያለሽ፣ የእኔ አካሄድ የኤሊ ነው» ብሎ መለሳት። ዳግመኛ አልጠየቀችውም፤ ቅር እንዳላት ግን ቀረች።

እንዲህ ራሱን የሚጠብቅ ሰው መቀሱን እንደያዘ ክልትው አለ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ይሁን፣ ልቡ ነው፤ ልቡን ያቆመውስ ማነው?

«ከሰዓት ዘመድ ሲሰበሰብ እናገራለሁ» አለች መምህርቷ። «ከዚህ ቤት የምትወጣበት ቀን ያኔ ይቆረጥላታል።»

«ነገርን ከሥሩ ነው እትዬ። አሁን ብትከተያት ትደርሽባታለሽ።»

ዳቦ ቤቱ ጋ ደረሰችባት። ሚስትየዋ ጥጉ ላይ ቆም ብላ ግራ ቀኙን አየች፤ ጥቁር ሻሿን ፈታ ከቦርሳዋ ቢጫ ሻሽ አወጣችና አሰረች። መምህርቷ ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ተጠጋች። «አገኘሁሽ» አለች በሆዷ።

ሚስትየዋ ወደ ኳስ ሜዳው ታጠፈች። አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ወንድ ይጠብቃታል። ብብቱ ስር እጇን አስገብታ አነሳችውና ተያይዘው መሄድ ጀመሩ። መምህርቷ እየተንደረደረች ሜዳውን አቋረጠች። ቀረብ ስትል ግን ሰውዬው ግራ እግሩን ይጎትታል፣ ግራ እጁም ተንጠልጥሏል። ፊቱን ሲያዞር አወቀችው። የራሷ የቀድሞ ባል ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሌላ ሴት ይዞ ሲሄድ፣ «እሱን ሰላም ያለ የእኔ ዘመድ አይደለም» ብላ ምላ ነበር። ወንድሟም አጠገቧ ቆሞ ሰምቷል።

ሚስትየዋ ስታያት ሰውዬውን የጎሉን ብረት አስደግፋ እየሮጠች መጣች። «እትዬ፣ በፈጠረሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

«አየሩ ይሄ ነው?»

«ስትሮክ ከመታው ሁለት ዓመቱ ነው። ያቺ ሴትዮም ጥላው ሄደች። በየጠዋቱ እየደገፈ ሦስት ዙር የሚያስኬደው ወንድምሽ ነበር። መሞቱን አልነገርነውም፤ ገና አንድ ወር አይሞላውም ሁለተኛ ከመታው። መንገድ ሄዷል ብዬዋለሁ።»

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ምለሽ ነበራ። አንቺን እንዳያጣ ፈራ።»

አብሬህ ልሂድ ስትለው የመለሳት ለዚህ ነበር። በዚህች ሴት ላይ አራት ቀን ሙሉ ያሰበችው ሁሉ ትዝ አላትና አፈረች። 

ሰውዬው ብረቱን ለቆ እግሩን እየጎተተ ደረሰባቸው። «አንቺ ነሽ?» አለ፤ አፉ ስለተጣመመ ቃሉ ይንሸራተታል። ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር መልበሷን አየ። «ማን ሞተብሽ?»

ሚስትየዋ የመምህርቷን ነጠላ ጎተት አደረገች።

መምህርቷ ሠላሳ ዓመት ስታስተምር ለውሸታም ተማሪ ምሕረት አልነበራትም። ተማሪዎቿ ይህን ያውቁላታል።

«አክስቴ» አለች።

«ነፍስ ይማር።» ደህናውን እጁን ዘርግቶ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «እግዜር ያጽናሽ። ወንድምሽን ያኑርልሽ።»

«አሜን» አለች።

ከዚያ የተንጠለጠለውን እጁን አንስታ ብብቷ ስር ሸጎጠችና፣ እሱ እስኪራመድ ጠበቀችው።