ወዲህ ማዶ፣ ወዲያ ማዶ

ሴትየዋ ሱቄ ስትገባ የሚሰፋ ልብስ የያዘች መስሎኝ ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ። እሷ ግን ከቦርሳዋ ያወጣችው ጠርዙ የተበላ ደብተር ነው። በሩን ራሷ ዘጋችና የስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆመች።

«የቀያሹ ሚስት ነኝ» አለችኝ። «የወንድምዎ።»

ወንድሜ ማግባቱን በሰው በሰው ሰምቻለሁ። ሠርጉ ላይ አልተጠራሁም፤ ብጠራም አልሄድም ነበር። ይህን የምለው ለአፌ ነው፤ ቢጠራኝ ኖሮ ጫማዬን ሳላስር ነበር የምሮጠው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያ በር በተከፈተ ቁጥር እሱ ነው ብዬ ቀና ያልኩ ሴት ነኝ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔ ስንቱን እንደዋጥኩ ሆዴ ያውቃል።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«ደህና ነው። ማለቴ፣ አልታመመም። ሐዘን ላይ ነው። ወር ሊሞላው ነው፣ ጢሙን አልተላጨም፤ ሥራ የሚሄደውም እየተጎተተ ነው። ማን ሞተብህ ስለው ‹አንቺ የማታውቂው ሰው ነው› ይለኛል። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሆነን ‹እህቴ እዚህ ሠፈር ነው ያለችው› ብሎ አሳይቶኝ ነበር፤ እንውረድ ስለው አንገቱን አዞረ። ያን ፍንጭ ይዤ እየጠያየቅኩ ነው የመጣሁት። እትዬ፣ አይዋሹኝ። እዚህ ደብተር ላይ ያለችው ሴት ማን ናት? ልብስ ሰፊ ናት፤ እርስዎም ልብስ ሰፊ ነዎት፤ አያውቋትም አይባልም።»

ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ሽፋኑ ላይ በወንድሜ ጽሕፈት፣ በዚያ በማስመሪያ የተለካ በሚመስለው፣ «ወዲያ ማዶ። ልብስ ሰፊዋ» ይላል።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ ቀደመኝ። አልተወውም! እኔ እዚህ ስጽፍ እሱም እዚያ ይጽፍ ነበር።

«ውሽማው ናት አይደል?» አለች ሚስቱ፣ እንባዬን አይታ።

«ቁጭ በይ» አልኳት። «ነገሩ ረጅም ነው። ደግሞም ትስቂብናለሽ።»

ማዶ የምንላትን ከተማ የፈጠርነው እናታችን ልብስ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር ነው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ እሱ አሥር። በእናታችን ጠመኔ መሬቱ ላይ ወንዝ አሰመርን፤ ወዲህ ማዶ የኔ፣ ወዲያ ማዶ የሱ ሆነና በሁለቱም በኩል ቤት ሠራን፤ ሰው አሰፈርን። ይህን ማንም ልጅ ያደርገዋል። ወንድሜ ግን ሕግ አወጣ። እኛ ማዶ አንገባም። የተጻፈ አይሰረዝም። የሚሆነውን የሚወስነው የእናታችን የቁልፍ ጣሳ ነው። ጣሳው ውስጥ አርባ የሸሚዝ ቁልፍ ነበር፤ ነጭ ከወጣ ሰውየው እንደ ትናንቱ ይውላል፣ ቀይ ከወጣ ደስታ ያገኘዋል፣ ሰማያዊ ከወጣ ችግር። ጥቁሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ሞት ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ደብተር ነበረው። እሁድ ጠዋት ጠዋት ተራው ለደረሰ ሰው ዐይናችንን ጨፍነን ዕጣ እናወጣለን፣ አንድ መስመር እንጽፋለን።

ዋናው ጥበብ ግን ቀለሙ ከወጣ በኋላ ነው። ደስታው ምን እንደሆነ፣ ችግሩ ከየት እንደመጣ፣ እዚያ ካለው ነገር ተነስቶ ማወቅ ነበረብን። አንድ ጊዜ ሠርግ ተደግሶ ለሙሽራው ሰማያዊ ወጣና ድልድዩ ፈረሰ። ሙሽራው ወዲህ፣ ሙሽራዋ ወዲያ ቀሩ። ታንኳ ቀዛፊ አስፈለገና መጣ። ሙሽራዋን ሊያሻግር ሄዶ ከሙሽራዋ ጋር ተዋደደ። ይህን እኔም እሱም አላሰብነውም ነበር! ወንድሜ እርሳሱን አስቀመጠና «እታለም፣ እነዚህ ሰዎች እኛ ባንኖርም ይኖራሉ» አለኝ። አድገን እሱ ቀያሽ ሆነ፣ እኔ የእናቴን መኪና ወረስኩ፤ ሠላሳ ዓመት ሲያልፈንም እሁድ ጠዋት አልተውንም። ለማንም አልነገርንም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከቁልፍ ጋር ሲማከሩ ማን አይስቅም?

ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ስለ አባታችን ተስፋ በቆረጠበት ሳምንት የታንኳ ቀዛፊው ተራ ደረሰ። አርጅቷል፤ እንደ አባቴ ያስላል። ጣሳውን ለወንድሜ ከማቀበሌ በፊት ጥቁሩን አውጥቼ ጉንጬ ውስጥ ደበቅኩት። ነጭ ወጣ። ቀዛፊው ተረፈ፤ አባቴ ግን ማክሰኞ ሞተ። በሚቀጥለው እሁድ ወንድሜ እንደ ልማዱ ቁልፎቹን ቆጠረ። ሠላሳ ዘጠኝ። ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ከሽርጤ ኪስ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እጅሽን አስገባሽበት» አለኝ። «አሻንጉሊት አደረግሻቸው።»

«አባታችን ከተቀበረ ሳምንት አልሞላው፣ አንተ ስለ ቁልፍ ታወራለህ? ልብህንም በሜትር ነው የምትለካው? ላንተ እኮ ማዶ ያለው ሰው ነው የሚበልጥብህ፤ አባታችን ሲሞት እንኳ አላለቀስክም!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የወዲያ ማዶን ሰዎች ደብተር በሳጥን ሰበሰበ፣ ጥቁሩን ቁልፍ ኪሱ ከተተ፣ በዚያው ቀረ።

ጥቁር ስለሌለኝ በኔ በኩል አሥራ አንድ ዓመት ማንም አልሞተም። መቶ አሥራ አራት ዓመት የሞላቸው አሮጊት አሉ፤ አልጋቸው ላይ ሆነው የልጅ ልጆቻቸውን ልጆች ይራገማሉ። ቤት ጠፍቶ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ተጣብቧል። ቀዛፊው ክንዱ ዝሎም ይቀዝፋል፤ በዚያ በኩል ምን እንዳለ ስለማላውቅ ግን የወንዙ መሃል ላይ ደርሶ ይመለሳል። ተራው በደረሰ ቁጥር «ዛሬም ከመሃል ተመለሰ» ብዬ እጽፋለሁ።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ሚስት ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ታዲያ የሞተችዋስ?» አለች።

ደብተሩን ከመጀመሪያው ገለጥኩት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እንዲህ ተጽፏል፦ «ዛሬ አንዲት ልብስ ሰፊ መጥታ ወንዙን የሚያይ ክፍል ተከራየች። ግራኝ ናት። ክር ከመሰካቷ በፊት ሦስቴ ትልሰዋለች። ስትናደድ ታፏጫለች።»

ክር ሦስቴ የሚልስ ሌላ ሰው አላውቅም። እኛ ማዶ አንገባም ብሎ ሕጉን ያወጣው እሱ፣ እኔን እጄን ይዞ አስገብቶኛል። ገጽ በገጽ አለሁ። ጥቁሩን በሌላ ጣሳ ከሌሎች ቁልፎች ጋር ቀላቅሎ መሆን አለበት፣ ተራዬ በደረሰ ቁጥር ዕጣ አውጥቶልኛል። ሰማያዊ ወጥቶልኝ ክንዴ ተሰብሯል፤ ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋር ተጣልቻለሁ፣ ጥፋቱም የኔ ነው ብሏል። ቀይ ወጥቶልኝ መስኮቴ ሥር ዛፍ ተክያለሁ። አንድ ቦታ ላይ «ነጭ ወጣላት። ተመስገን» ይላል። ወንድሜ በማዶ ደብተር የራሱን ስሜት ጽፎ አያውቅም።

የመጨረሻው መስመር አጭር ነው። «ጥቁር። ልብስ ሰፊዋ መስኮቷ አጠገብ እንደተቀመጠች ሞተች። አልደበቅኩም።» ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት ባዶ ነው።

«ማን ናት?» አለች ሚስቱ።

«እኔ ነኝ።»

ደብተሩን አየች፣ እኔን አየች። «ታዲያ አልሞቱም እኮ!»

«እኔም መሞቴን የሰማሁት ገና አሁን ነው።»

ከዚያ ነደደች። «የአንድ አውቶቡስ መንገድ! በአንድ አውቶቡስ መንገድ አሥራ አንድ ዓመት! እኔ ደግሞ ይሄን ወር በሙሉ በማላውቃት ሴት ስቀና! ይነሱ፣ ሽርጡን ያውልቁ።»

ተነሳሁ፤ ግን ፈራሁ። ወንድሜን አውቀዋለሁ። የተጻፈ አይሰረዝም። በሱ ሕግ ከሞትኩ ሞቻለሁ ማለት ነው፤ ሄጄ በሩን ቢዘጋብኝ፣ ይመጣል እያልኩ ቀና የምልበት ተስፋ እንኳ አይቀረኝም። አውቶቡሱ ውስጥ የምለውን አሥር ጊዜ አዘጋጅቼ አሥር ጊዜ አፈረስኩት። ሚስቱ እንዳልወርድባት ይሁን ወይም አሳዝኛት፣ እጄን ይዛ ነበር የተጓዘችው።

በሩን የከፈተው እሱ ነው። ጢሙ አድጎ ግማሹ ሸብቷል። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«ሰው ሞቶብሃል ሲሉኝ» አልኩ፣ «ለቅሶ ልደርስ መጣሁ።»

«እታለም» አለኝ። በዚያ ስም የሚጠራኝ ከሱ ሌላ ሰው የለም። እዚያው ደፉ ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱም አለቀሰ፣ ለአባታችን ያላለቀሰውን ጭምር። ሚስቱ በመካከላችን ሾልካ ወንበር ልታመጣ ገባች።

«ጥቁሩ ቁልፍ እጄ ላይ ነበር» አለ፣ ድምፁ ሲመለስለት። «ቀኑን ሙሉ ጨብጬው ዋልኩ። መልሼ ጣሳው ውስጥ ልጨምረው አሰኘኝ። ማን ያየኛል?»

«ብትመልሰውስ ምን ነበረበት፣ ወንድምዓለም? እኔ ነኝ እኮ! ለኔ እንኳ አንድ ቀን ብትሳሳት ምን ነበረበት?»

እጅጌዬን ጨምድዶ ያዘ።

«ብመልሰው ኖሮ» አለኝ፣ «ዛሬ አትመጪም ነበር።»